የገደብ ተቆጣጣሪ ድካምና ደስታ

ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሲከሰስ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሆነለት ሰው ከጠፋ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ስለዚህ ሰው ዋስ የሚሆነው ለዘመዱ ወይም ጠባዩን ለሚያውቀው ሰው ነው። ለማያውቀው ሰው ማን ዋስ ይሆናል? ዛሬ የምናነበው ለማያውቃቸው ሰዎች ዋስ ስለሆነ አንድ ጫማ ሰፊና ከእሱ ስለተጀመረው ሥራ ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሥራው እንዴት ተጀመረ?

በአሜሪካ አገር፣ ቦስተን በምትባል ከተማ፣ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። በ1833 ዓ.ም. አንድ ቀን ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ልብሱ የተቀዳደደ አንድ ሰካራም ለፍርድ ቀረበ። ጫማ ሰፊው ጠጋ ብሎ አነጋገረው። ሰውዬው ከእስር ከዳነ ሁለተኛ መጠጥ እንደማይቀምስ ነገረው። ጫማ ሰፊውም ዋስ ሆኖ ይዞት ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮው ደረሰ። ሰውዬው መጠጡን ትቶ፣ መልኩም ተለውጦ መጣ። ዳኛውም በአንድ ሳንቲምና በፍርድ ቤት ወጪ ብቻ ቀጥተው ለቀቁት።

ጆን ኦገስተስ ከዚያ በኋላ በ1851 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ወደ 2000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነ። ደመወዝ አልነበረውም። የጫማ ሥራውም ተጎዳ። ሰው በታሰረ ቁጥር ክፍያ ያገኙ የነበሩ የእስር ቤት ሠራተኞችም ጠሉት። እሱ ግን አልተወም።

ከሞተ በኋላ በ1870 ዓ.ም. ይህን ሥራ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው በቦስተን እንዲሾም በሕግ ተደነገገ። በእንግሊዝ አገር በ1899 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ የሠራተኛውን ተግባር በሦስት ቃል ገለጸው፦ መምከር፣ መርዳት፣ ወዳጅ መሆን።

ገደብ ምንድን ነው?

ዳኛ ጥፋተኛውን ወዲያው ከማሰር ይልቅ፣ «ይህን ያህል ዓመት ጠባይህን አሳምረህ ኑር፤ ብታጠፋ ግን ቅጣቱ ይጠብቅሃል» ሊለው ይችላል። ይህ ገደብ ይባላል። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ይፈቅዳል። በዚህ ሕግ መሠረት የገደቡ ጊዜ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ከ5 ዓመትም አይበልጥም።

በገደብ የተለቀቀውን ሰው የሚከታተለው ሠራተኛ የገደብ ተቆጣጣሪ ነው። ሰውዬውን እቤቱ ሄዶ ያየዋል። ሥራ መያዙን፣ ከመጠጥ መራቁን፣ የበደለውን መካሱን ይጠይቃል። ያየውንም ለፍርድ ቤት ያስረዳል።

ድካሙ ምንድን ነው?

እንበልና አንድ ወጣት በግ ሰርቆ በገደብ ተለቀቀ። አንድ ቀን ለተቆጣጣሪው፣ «ትናንት ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ስጠጣ አመሸሁ» አለው። ታዲያ ተቆጣጣሪው ምን ያድርግ? ቢደብቅ ዳኛውን አታለለ። ለትንሹም ለትልቁም ቢከስ ደግሞ ወጣቱ ሁለተኛ እውነቱን አይነግረውም። ወዳጅም የዳኛ ዓይንም መሆን አለበት። የሥራው ትልቁ ችግር ይህ ነው። ብልህ ተቆጣጣሪ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «እረዳሃለሁ፤ ለዳኛው ግን አልዋሽልህም» ብሎ በግልጽ ይነግረዋል።

ሌላም ችግር አለ። ጎረቤት፣ «ሌባ ነው» ብሎ ሥራ ይነፍገዋል። ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ ወደ ድሮው ይመለሳል። አንዱ ተመልሶ ሲያጠፋ ወቀሳው በተቆጣጣሪው ላይ ይወርዳል። የተሰረቀውን በግ ሁሉም ያያል። ሳይሰረቅ በበረቱ ያደረውን በግ ግን ማን ይቆጥረዋል?

ደስታውስ?

የተቆጣጣሪው ደስታ ያልተቆጠረው በግ ነው። ሰውዬው ስላልታሰረ እርሻው ጦም አላደረም። ልጆቹ አባታቸው አጠገባቸው ነው። በግ የተሰረቀበትም ሰው ካሳውን አገኘ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ተቆጣጣሪው ግን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ከሰውዬው ጋር ሌት ተቀን የሚኖረው ጎረቤቱ ነው። በገደብ የተለቀቀ ሰው በአካባቢያችሁ ቢኖር ንብረታችሁን ጠብቁ፤ ሰላምታና ሥራ ግን አትንፈጉት። ሰላምታና ሥራ ያገኘ ሰው የሚሳሳለት ነገር አለው።

ጥያቄዎች

1. ጫማ ሰፊው ለሰካራሙ ምን አደረገለት?
2. በገደብ መለቀቅ ማለት ምን ማለት ነው?
3. ወጣቱ መጠጣቱን ሲነግረው ተቆጣጣሪው የተቸገረው ለምንድን ነው?
4. እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተወያዩበት።