ሳይዘሩ መመካከር

በሐረር ከተማ የቢራ ፋብሪካ አለ። ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ቢራ ከብቅል ይጠመቃል። ብቅሉ ደግሞ ከገብስ ነው። የሐረር ዙሪያ ገበሬ በይበልጥ የሚያመርተው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቡናና ጫት ነው። የብቅል ገብስ እንደ አርሲና ባሌ ባሉ ደጋ አገሮች ይበቅላል።

ለጠላ ብቅል ስናበቅል ምን እናደርጋለን? ገብሱን እንዘፈዝፋለን። በቅጠል እንሸፍናለን። ሲጎነቁል እናደርቀዋለን። ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በውቂያ የተሰበረ፣ ዝናብ የመታው ወይም ዘሩ የተደባለቀ ገብስ እኩል አይበቅልም።

ሌላም ነገር አለ። ዩሪያ ሲበዛ በፍሬው ውስጥ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ይበዛል። ይህ ለቂጣ መልካም ነው፤ ለቢራ ግን አይስማማም።

አንድ ገበሬ ይህን የሚሰማው ገብሱን ጭኖ ከገዢው በር ሲደርስ ቢሆንስ? ማዳበሪያው፣ የጭነቱ ኪራይና የዓመት ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ፋብሪካውም ብቅል ከውጭ አገር በውድ ያስመጣል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ጥፋቱ የተሠራው በር ላይ አይደለም። ከዘር በፊት ባለመነጋገራቸው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የመንግሥት የነበሩት የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን ለተባለ የሆላንድ ኩባንያ ተሸጡ። ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከአርሲ ገብስ አምራቾች ጋር አብሮ መሥራት ጀመረ። የተሻለ ዘር ቀረበ። የሚፈለገው የገብስ ዓይነት አስቀድሞ ተነገረ።

በጃፓን አገርም ቶዮታ የተባለው የመኪና ፋብሪካ መኪናው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ዕቃ አቅራቢዎቹን ያማክራል። የማይፈለግ ዕቃ እንዳይሠራና እንዳይከማች ይጠነቀቃል። ብክነት የሚቀንሰው እንዲህ ነው።

ስምምነት ሁለቱንም ወገን ያስራል። ገዢው ዋጋውንና የመረከቢያውን ቀን በጽሑፍ ይስጥ። እኛም ቃል የገባንበትን እህል፣ ሌላ ነጋዴ ጥቂት ሳንቲም ጨመረ ብለን አንሽጥ። ቡና ወይም ሽንኩርት ብናመርትም ነገሩ ያው ነው። ዛሬ ማንበብ ችለናል። እንግዲህ ውሉን ሳናነብ አንፈርም።

መልመጃ
1. የተሰበረ ገብስ ለብቅል የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. ከመዝራታችሁ በፊት ገዢውን ምን ምን ትጠይቃላችሁ? ጻፉ።