መሪና ተቀባይ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መዘምራን መሪዎችና ለብቻቸው ድምፃቸውን አሰምተው መዝሙር ስለሚያነሡ ዘማርያን ነው። ርእሱን የመረጥኩት ከመጽሐፍ ፈልጌ አይደለም፤ ባለፈው የከተራ ዕለት በእኛው መዘምራን ላይ የደረሰውን ሁላችሁም አይታችኋል። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ እልል ሲል፣ እኛ ነጭ ለብሰን በሰልፍ እንደቆምን ዝም አልን። ከበሮው ይመታል፤ መዝሙሩን የሚያነሣ ግን ጠፋ። አንዱ ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ ሌላው ዝቅ አድርጎ ጀመረ፤ ከኋላ የነበሩት ደግሞ ጭራሽ ሌላ መዝሙር አነሡ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ምነው ዘንድሮ ተጣላችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

አልተጣላንም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለሦስት ዓመት ያህል መዝሙር ሁሉ ይነሣ የነበረው በአንዲት እኅታችን ድምፅ ነው። እርስዋ ታነሣለች፣ እኛ አዝማቹን እንቀበላለን። ድምፅዋ እጅግ ያማረ ስለነበረ ሌላ ሰው መፈለግ ለማንም ትዝ አላለውም። ባለፈው ክረምት ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ግን መዝሙራችንም አብሮአት ሄደ። በእርስዋ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ጥፋቱ የእኛ፣ ይልቁንም የእኔ ነው። የመዘምራን ክፍል ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት ታናሽ እኅት፣ «እኔም አንድ ቀን ላንሣ?» ብትለኝ፣ «በበዓል ቀን ድምፅ አይሞከርም» ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ከኋላው ረድፍ ወጥታ አታውቅም።

ይህ ነገር ስለከነከነኝ መጽሐፈ ዜና መዋዕልን ገልጬ ንጉሥ ዳዊት መዘምራንን እንዴት እንዳደራጀ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቻችን ይህን መጽሐፍ «የስም ዝርዝር ይበዛበታል» እያልን እናልፈዋለን፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ለመዘምራን የሚሆነው ትምህርት የተቀመጠው እዚያው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ዳዊት ታቦተ ጽዮንን ወደ ኢየሩሳሌም ባስመጣ ጊዜ በመዘምራኑ ላይ ሦስት ሰዎች ተሾሙ፤ ይኸውም ኤማን፣ አሳፍና ኤታን ናቸው። ሦስቱም ሌዋውያን ቢሆኑም ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ናቸው፤ ኤማን ከቀዓት፣ አሳፍ ከጌድሶን፣ ኤታን ከሜራሪ። አሁን አቋቋማቸውን ተመልከቱ። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው ኤማን በመካከል፣ አሳፍ በቀኙ፣ ኤታን በግራው ይቆሙ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ በየበዓሉ ሌሊት በቅኔ ማኅሌት የምናየው ይኸው አይደለምን? የቀኙን ረድፍ ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ረድፍ ግራ ጌታ ይመራል፤ በሁለቱም ላይ መሪጌታው አለ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የተቀበለው ይመራል። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ሆኖ የሚያድር፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ተቀባይ ሆኖ የሚያድር ወገን የለም። እኛ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር እያደግን፣ ለሦስት ዓመት አንድ መሪ ብቻ ይዘን መቆየታችን የሚያስገርም ነው።

(ስለ ኤማን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የነቢዩ ሳሙኤል የልጅ ልጅ ሲሆን አባቱ ኢዩኤል ነው፤ ያ ኢዩኤል በዳኝነቱ ጉቦ የተቀበለው፣ ሕዝቡም ንጉሥ ይንገሥልን እንዲሉ ምክንያት ከሆኑት አንዱ የነበረው ሰው ነው። እንግዲህ «የእገሌ ልጅ ስለሆነ አያነሣም» የምንለውን ወሬ ብንተወው መልካም ነው።)

ሌላው ያስገረመኝ መሣሪያቸው ነው። በምዕራፍ 15 ስምንት ሰዎች በመሰንቆ፣ ስድስት ሰዎች በበገና እንዲያገለግሉ ሲመደቡ፣ ሦስቱ አለቆች ግን የያዙት የናስ ጸናጽል ነው። በመጽሐፉ የተጠቀሰው ጸናጽል ሁለት ናሶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የሚጮኽ እንጂ እኛ እንደምናውቀው እጀታ ያለው አይደለም። ያም ሆነ ይህ ጸናጽል ዜማ አያወጣም፤ ጊዜን ይጠብቃል፣ ሌሎቹ አብረው እንዲነሡና አብረው እንዲያርፉ ያደርጋል። አለቆቹ ዜማውን ለአሥራ አራቱ ትተው ሁሉን የሚያስተባብረውን ያዙ። በዚያው ምዕራፍ ክናንያ የሚባል የሌዋውያን አለቃ አለ፤ በዜማ ላይ የተሾመው ብልሃተኛ ስለነበረ ነው፤ ሥራውም ሌሎቹን ማስተማር ነበር። ድምፁ ያማረ ይሁን አይሁን መጽሐፉ አንድም ቃል አይናገርም።

ቁጥሩንም እንይ። በምዕራፍ 23 በዜማ ዕቃ እንዲያመሰግኑ የተለዩት ሌዋውያን 4 000 ናቸው። በምዕራፍ 25 ደግሞ ዜማን የተማሩት አዋቂዎች 288 ናቸው። ብናካፍለው ለአንድ አዋቂ ወደ 14 ሰው ይደርሰዋል። እነዚህም 288ቱ ለ24 ምድብ፣ በየምድቡ 12 ሆነው፣ ተራቸውን በዕጣ ተቀበሉ። ዕጣው ሲጣል ታናሹ ከታላቁ፣ ተማሪውም ከመምህሩ አልተለየም። አሳፍ 4 ልጆች፣ ኤዶታም 6 ልጆች፣ ኤማን 14 ልጆች ነበሩት፤ ድምሩ 24 ነውና ከእያንዳንዳቸው አንድ ምድብ ወጣ። ለኤማን ከወንዶቹ በተጨማሪ 3 ሴቶች ልጆች እንደነበሩት መጽሐፉ ሳይጠቅስ አላለፈም። እንግዲህ ከነዚህ አለቆች አንዱ ቢታመም ወይም ቢሞት መዝሙሩ አይቆምም ነበር። እንዲያውም በምዕራፍ 16 እንደተጻፈው አሳፍ በኢየሩሳሌም በታቦቱ ፊት ሲቀር፣ ኤማንና ኤዶታም በገባዖን ወዳለው ማደሪያ ተመድበዋል። መዝሙሩ በሁለቱም ቦታ ቀጠለ።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በእግሩ ላይ እንደተከለ፣ ያሬድም ሕመሙ ሳይሰማው እንደቀጠለ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ለብቻው ስለሚዘምር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ አላውቅም። እኛ ግን ታሪኩን እዚያ ላይ እናቆመዋለን። ቀጣዩን ክፍል አስቡት፤ ያሬድ ንጉሡን አሰናብተኝ ብሎ ወደ ሰሜን ተራሮች በምናኔ ሄደ። ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ አብረውት አልሄዱም። ያስተማራቸው ቀርተው ነበርና። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት እንዳደረጉለት ይነገራል፤ ይህም ዜማው በጥቂት ሰዎች ጉሮሮ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። ዛሬም ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ የሚኬደው ይህንኑ ከሰው ወደ ሰው ለማሻገር ነው።

ይህን ስል «ለብቻ የሚዘምር ሰው አያስፈልግም» ማለቴ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ከከተራ በኋላ «ከእንግዲህ ሁላችንም አብረን እንጂ ማንም ለብቻው አያንሣ» ስትሉ ሰምቻለሁ፤ በዚህ አልስማማም። የአሮን እኅት ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ ይዛ ወጣች፤ ሴቶቹም ተከተሏት። አንድ ሰው ባይጀምር ኖሮ ከበሮአቸውን እንደያዙ በቆሙ ነበር፤ እንደ እኛ ማለት ነው። በዳዊት 135ኛው መዝሙር ደግሞ አንዱ የእግዚአብሔርን ሥራ በየተራ ሲቈጥር፣ መልሱ 26 ጊዜ ያለ ለውጥ ይመለሳል። ቈጣሪው ባይኖር መልሱ ባዶ ይሆናል፤ መላሹ ባይኖር ደግሞ ቈጣሪው ብቻውን ይናገራል። ያች የሄደችው እኅታችንም ያጠፋችው ስላነሣች አይደለም። እኛ አብረናት አልተማርንም።

የኢየሩሳሌም ቅጥር በተመረቀ ጊዜ ነህምያ ሁለት ታላላቅ የመዘምራን ጉባኤ አቁሞ በቅጥሩ ላይ በተለያየ አቅጣጫ እንዲሄዱ አደረገ። ይዝረሕያ የሚባል አለቃ ነበራቸው። ነህምያ የአገሩ ገዥ ሆኖ ሳለ ከሁለተኛው ጉባኤ በስተኋላ ሆኖ መሄዱን ያነበብኩት ገና አሁን ነው፤ ምዕራፍ 12 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ የእኛም መዘምራን ክፍል በአምስት ምድብ ተከፍሏል፤ አባሎቻችን 60 ስለሆንን እንደ ዳዊት ሥርዓት በየምድቡ 12 ሰው ደርሶናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣ የወጣለት ያነሣል፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ያቺን ታናሽ እኅት ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ «ግድ የለም» ብላኛለች፤ እስካሁን ግን ከኋላው ረድፍ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ዕጣው የወጣው ድምፁ ገና እየጎረነነ ላለ አንድ የ14 ዓመት ወንድማችን ነው። ያነሣው ከሚገባው በላይ ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ተሰበረበት። ከፊት የነበሩት ሊስቁ ሲሉ ከበሮ መቺው ዝም ብሎ መምታቱን ቀጠለ፤ እኛም እንደወረደው ዝቅ ብለን ተቀበልነው።