የአያቶቻችን ድምፅ እንዳይቆረጥ፦ ከመቅዳታችን በፊት ልኩን እናስተካክል

አያታችን ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በሱዳን በኩል ያለፉበትን መንገድ ሲተርኩልን ቀዳናቸው። ሲጀምሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር የማይክሮፎኑን ጌይን ከፍ አደረግነው። ከአውሮፕላን ወርደው መሬት የሳሙበት ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ከፍ አለ፤ እልልም አሉ። በኋላ ስንሰማው ያ ክፍል የተሰነጣጠቀ ጩኸት ብቻ ሆኖ አገኘነው። ስህተቱ የእኛ ነበር። ስለዚህ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

በዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣው ድምፅ አናቱ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ በኋላም እንደነበረ አይመለስም። በኮምፒውተራችን ላይ ሁለት ዓይነት መለኪያ እናገኛለን። የጫፍ መለኪያው ድምፁ ለጣሪያው ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል። የድምቀት መለኪያው ደግሞ ጆሮ የሚሰማውን ጉላት በሉፍስ ይነግረናል። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት በ2010 ለስርጭት የወሰነው ልክ −23 ሉፍስ ነው። በቀረጻ ሰዓት ግን ዓይናችን በጫፍ መለኪያው ላይ ይሁን።

1. በኮምፒውተሩ ውስጥ ጌይንን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አማራጭ እናጥፋ። እሱ እየሠራ የምናስተካክለው ልክ አይጸናም።

2. ማይክሮፎኑን ከተናጋሪዋ አፍ አንድ ስንዝር ያህል እናርቀው። «አንድ፣ ሁለት» በማስባል ብቻ አንለካ። «እማማ፣ ጎረቤት ከሩቅ ሲጠሩ እንዴት ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ ይሳቁ፣ እልል ይበሉ። ተራው ንግግር ጫፉ ከ−18 እስከ −12 ዴሲቤል፣ ከፍተኛውም ድምፅ ከ−6 የማያልፍ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጌይኑን አንንካ። በ24 ቢት ከቀዳን ዝቅ ማለቱ አያስፈራም።

3. የድምቀት መለኪያው ራሱ ልክ መሆኑን እናረጋግጥ። ኦዳሲቲን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ጫፉ −23 ዴሲቤል የሆነ የ1000 ኸርዝ ሳይን ድምፅ በግራና በቀኝ ቻናል እንፍጠር። መለኪያው −23 ሉፍስ ማሳየት አለበት። ድምፁ በአንድ ቻናል ብቻ ከሆነ −26 ገደማ ያሳያል፤ ይህ የመለኪያው ብልሽት አይደለም። ብዙ የቃለ መጠይቅ ቀረጻዎች በአንድ ቻናል ስለሚቀዱ ይህን 3 ነጥብ ልዩነት እናስታውስ።

4. ዋናውን ፋይል ሳንነካ አስቀምጠን፣ በቅጂው ላይ የሉፍሱን ልክ በፕሮግራሙ እናስተካክል። ድምፁን ከፍ ስናደርግ ጫፉ ጣሪያውን እንዳይነካ እንመልከት።

መልመጃ፦ ከሰንበት ውጭ ባለ ቀን፣ ከቤተሰባችሁ አንድ ትልቅ ሰው አስቀምጣችሁ አምስት ደቂቃ ቅዱ። ከፍተኛውን ጫፍና የሉፍሱን ቁጥር ጻፉ። ከ−6 ያለፈ ቦታ ካለ ጌይኑን ቀንሳችሁ እንደገና ሞክሩ።

ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅ ከፍ ይደረጋል። አያታችን ታሪኩን በትዕግሥት ደግመው ነገሩን፤ ያቺ እልልታ ግን አልተደገመችም።