ታሪክ ስንነግር ድምፅ እንዴት እናሰማለን?



በሀደሮ ታናናሾቹን የምናስተምር ሁሉ እንደምናውቀው፣ በቤታቸው ከምባትኛ ብቻ የሚናገሩ ሕፃናት በአማርኛ ከሚነገረው ታሪክ እኩሌታው ያመልጣቸዋል። እነዚሁም ከኋላ ተቀምጠው መሬት ሲጭሩ ይውላሉ። ነጎድጓድን ለመስማት ግን አማርኛ ማወቅ አያስፈልግም። ይህን ትምህርት የምንጽፈው በተለይ ስለ እነርሱ ነው።

ሙያው በሌላም ስፍራ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ጃክ ፎሊ (ከ1891 እስከ 1967 እ.ኤ.አ.) ፊልሙን እያየ የተዋናዮቹን እርምጃ በገዛ እግሩ ያሰማ ስለ ነበር፣ ሥራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በአገራችንም በ1994 ዓ.ም. በሬዲዮ የጀመረውን «የቀን ቅኝት» ድራማ የተከታተለ ሰው፣ በጆሮው ብቻ ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቃል።

እኛ ዘንድ ዕቃው ከጓሮ ይገኛል። የደረቀ የእንሰት ቅጠል በቀስታ ቢታሽ ነፋስ ነው፤ በፍጥነት ቢጨመደድ የሚነድ እሳት ይሆናል። በቆሎ በጣሳ ውስጥ ሲንከባለል በረዶ ይወርዳል፤ ጤፍ በቅጠል ላይ ሲፈስ ያካፋል። ለሁለት የተከፈለ ቅል ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ፈረስ ይመጣል። (በውጭ አገር ለዚህ ኮኮናት ይጠቀማሉ፤ ቅላችን ግን አያንስም።) ስስ ቆርቆሮ በሁለት እጅ ተይዞ ሲወዛወዝ ነጎድጓድ ነው። ድምፅ አውጪው ከተዘረጋ ጋቢ ጀርባ ይሁን፤ ልጆቹ ጣሳውን ካዩ የሚሰሙት ጣሳ ነው።

እኛ መጀመሪያ ተሳስተናል። በባሕር ላይ ስለ ተነሣው ማዕበል ስንነግር ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ድምፅ ሰጠን። ልጆቹ ሲስቁ ዋሉ፤ ታሪኩም በመካከል ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድ ነፋስና ነጎድጓድ ብቻ አስቀረን፤ ድምፁም ከቃሉ ቀድሞ እንዲሰማ አደረግን። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ስፍራ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ፤ ተራኪውም ዝም አለ። ያን ጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ሕፃን ባሕሩ መተኛቱን ለጎረቤቷ በከምባትኛ ስታንሾካሹክ ሰማናት።

እንግዲህ ስትለማመዱ ከመካከላችሁ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማውን ይናገር። ዝናብ ያላችሁትን እሳት ካለው ዕቃውን ለውጡ። የቆርቆሮውንም ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ እጅ ይቆርጣል።