ጤና መኮንን ያያት ይበቃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በጤና ጣቢያ የሚያዩዋት ጤና መኮንን እንጂ ሐኪም አይደሉም። አሰላ ልውሰዳት? (ከሳጉሬ)

መልስ፦ ስለ ባለቤትዎ ማሰብዎ ተገቢ ነው። ጤና መኮንን ግን በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ በዲግሪ የሚመረቅ ባለሙያ ነው። ሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር ሲጀመር ሐኪም ያልደረሰበትን ገጠር እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ፣ ከጤና መኮንኖች መካከል ሦስት ዓመት ጨምረው የሚማሩት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በቀዶ ሕክምና ጭምር ያዋልዳሉ። የባለቤትዎ የደም ግፊት ከተለካ፣ ሽንታቸው ከተመረመረ፣ ሆዳቸው ላይ ሜትር ተዘርግቶ የፅንሱ እድገት ከታየ ክትትሉ በጥሩ እጅ ነው። ደም ከፈሰሳቸው፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማቸው፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን አይጠብቁ፤ ጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲልካቸው ወዲያውኑ ይጠይቁ።