በአንድ ገንዳ ስንት ዓሣ ይኑር?

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ መመልከት ለዓይን ደስታ፥ ለአእምሮም ትምህርት ነው። ነገር ግን እንደ ባሮ ያለ ወንዝ ውሃውን ሁልጊዜ ሲያድስ፥ ገንዳ ራሱን አያድስም። ስለዚህ የዓሣውን ቁጥር የሚወስነው የባለቤቱ ፍላጎት ሳይሆን ውሃው ነው። ይህንንም በአራት ክፍል እንመለከታለን።

1ኛ፤ ስለ ኦክሲጅን። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ 30 ዲግሪ የደረሰው ግን ከ7.5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። በአንጻሩ ውሃው ሲሞቅ የዓሣው ፍላጎት ይጨምራል። እንግዲህ እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ ቁጥሩን መቀነስ ይገባል። ኦክሲጅን የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ስለሆነም ሰፊ ገንዳ ከጠባብና ከጥልቅ ይሻላል። አምባዛ ብቅ እያለ ከላይ ያለውን አየር መሳብ ይችላል፤ ቢሆንም ከሚቀጥለው ችግር አያመልጥም።

2ኛ፤ ስለ ቆሻሻ። ዓሣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። በገንዳው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህን ወደ ናይትራይት፥ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በአዲስ ገንዳ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ አስገብቶ መጀመር ብልህነት ነው።

3ኛ፤ ስለ ስሌቱ። ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ 45 ሊትር ይይዛል። ለትንንሽ ዓሦች የተለመደው መመሪያ ለ1 ሳንቲ ሜትር የዓሣ ርዝመት 2 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈቀዳል፤ ይኸውም አድገው 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ 5 ዓሦች ማለት ነው። ታዲያ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቆሮሶስ? በመመሪያው ያልፋል፤ በእውነቱ ግን አያልፍም። ርዝመቱ 5 እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 5×5×5፥ ማለትም 125 እጥፍ ያህል ይሆናልና። ብቻውን የአምስቱን ትንንሾች ድምር 25 ጊዜ ያህላል! ስለዚህ የሚለካው የዛሬው ጫጩት ሳይሆን የነገው ትልቅ ዓሣ ነው።

4ኛ፤ ስለሚቀየረው ውሃ። ናይትሬቱ እንዳይጠራቀም በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን፥ ማለትም 11 ሊትር ያህል መቀየር ያስፈልጋል። ውሃው በክሎሪን የታከመ ከሆነ ከፍቶ ቢያንስ አንድ ቀን ማቆየት ይገባል።

እዚህ ላይ የትየርኪዲ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። መጠለያው በየካቲት 2006 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የጀሪካን ውሃ ዋጋ ለእኛ ትምህርት አያሻውም። በአደጋ ጊዜ ዕርዳታ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርሰው የሚል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። 11 ሊትር የዚህ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህን መስጠት ለማይችል ቤት ትክክለኛው የዓሣ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ይህም ንፍገት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ሆኖም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። 45 ተማሪዎች አንድ ገንዳ በክፍላቸው ቢያኖሩ፥ ለእያንዳንዱ በሳምንት የሚደርሰው ሩብ ሊትር፥ ማለትም አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። የሚቀዳውም አሮጌ ውሃ ናይትሬት ስላለበት ለአትክልት ምግብ ይሆናል እንጂ አይባክንም። እንግዲህ ገንዳውን ከመግዛታችን በፊት ውሃውን እንቁጠር፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ ይቆጠራል።