የተለመዱ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመሞችና ሕክምናቸው በቢቸናና በሞጣ አካባቢ

ድርቅ በገባበት አካባቢ የእርዳታ ሠራተኛው በቅድሚያ የሚያተኩረው በምግብ እጥረት፣ በተቅማጥና በወባ ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም የሚመግል ጆሮ፣ የሚነስር አፍንጫና የሚያብጥ ጉሮሮ «ያልፋል» እየተባሉ ሲታለፉ ሕፃናትን ለዘለቄታው መስማት ይነፍጋሉ፤ አንዳንዴም ሕይወት ያጠፋሉ። አብዛኞቹ ግን በጊዜ ከታዩ በቀላል ዘዴ የሚድኑ ናቸው። የዚህ ትምህርት ዓላማ በጣቢያ ደረጃ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ምን መደረግ እንደሌለበትና ሕመምተኛው መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ቢቸናና ሞጣ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ራሳቸውን የቻሉ አውራጃዎች ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ፣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በደጋው ሕዝቡ ብርዱን ለመከላከል ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ ስለሚያድር ጉንፋን ይበዛል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ደግሞ ዝናብ ሲያጥር ምንጮች ይጎድላሉ፤ ሰውና ከብትም ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ መተከል እንደተካሄደው ባለ ሰፈራ ሕዝብ በአንድ መጠለያ ሲከማች ደግሞ ጉንፋንና ኩፍኝ በፍጥነት ይዛመታሉ።

ሀ. የጆሮ ሕመም

የመካከለኛውን ጆሮ ከላይኛው ጉሮሮ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም የተዘረጋ በመሆኑ የጉንፋንና የኩፍኝ ልክፍት ወደ ጆሮ በቀላሉ ይሻገራል። ሕፃኑ ያተኩሰዋል፣ ያለቅሳል፣ ጆሮውን ይጎትታል። ታምቡሩ ሲበሳ መግል ይወርድና ሥቃዩ ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ ወላጆች ልጁ የዳነ ይመስላቸዋል፤ መግሉ ከዘለቀ ግን መስማትን የሚያደክመው ከዚህ በኋላ ነው።

መግል ከወረደ 14 ቀን ያልሞላው ሕፃን በጤና ባለሙያ ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ለ5 ቀን፣ ለሥቃዩና ለትኩሳቱም ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ከሆነ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰለ የጆሮ ጠብታ ለ2 ሳምንት ይታዘዛል። በሁለቱም ጊዜ ዋናው ሥራ ጆሮውን ማድረቅ ነው። ይኸውም ንጹሕና ውኃ የሚመጥ ጨርቅ እንደ ጧፍ ጠቅልሎ በቀስታ ማስገባት፣ ሲርስ አውጥቶ በሌላ መተካት፣ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም ነው። ይህ በቀን 3 ጊዜ ይፈጸማል። ሠራተኛው በቃል ብቻ ነግሮ ከመሸኘት ይልቅ እናቲቱ በፊቱ እንድትሠራው ቢያደርግ ይበጃል። ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የክብሪት እንጨት ወደ ጆሮ መግባት የለበትም።

ከጆሮው በስተኋላ ያለው አጥንት ካበጠና ሲነካ ካመመ፣ አንገቱ ከገተረ ወይም ፊቱ ከተጣመመ ልክፍቱ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል እየዘለቀ ሊሆን ስለሚችል ሕፃኑ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ባቄላ ወይም ሽምብራ ጆሮው ውስጥ የገባበትን ልጅ በውኃ ማጠብ አይገባም፤ ጥራጥሬ ውኃ ሲነካው ያብጣልና።

ለ. የአፍንጫ ሕመም

የሚነስረው ሰው ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቅ ይጨምቃል። ራስን ወደ ኋላ ማጋደል ደሙን ስለሚያስውጥ ጎጂ ነው።

ነስሩ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ፣ ወይም ሕመምተኛው ደም የሚተፋ፣ ድምፁ የጎረነነና በጉሮሮው የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሰማው ከሆነ አልቅት ሊጠረጠር ይገባል። ትንሿ አልቅት ከኩሬ ወይም ከምንጭ ውኃ ጋር ገብታ በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ ትጣበቃለች፤ ደም እየመጠጠችም ትገዝፋለች። ሲቆይ ደም ማነስን ታስከትላለች፤ ወደ አየር ቧንቧ ከወረደች ደግሞ ታፍናለች። ለከብት የሚደረገውን የትምባሆ ውኃ ለሰው ማድረግ መርዝ መስጠት ነው። ሐኪሙ በመብራት እየተመለከተ በመቆንጠጫ ያወጣታል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የመጠጥ ውኃን በተደራረበ ንጹሕ ነጠላ ማጥለልና ማፍላት ነው።

ሐ. የጉሮሮ ሕመም

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይድናል። በባክቴሪያ የሚመጣው የቶንሲል ሕመም ግን በጊዜ ካልታከመ የልብን በር የሚያበላሸውን የሩማቲክ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን አደጋ ይከላከላል።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው እንጥል ማስቆረጥ ነው። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት እንጥሉ አብጦ ልጃቸውን እንዳያፍነው በመስጋት እንጂ ክፉ በማሰብ አይደለም። ይሁን እንጂ ባልጸዳ ስለት የተቆረጠ ሕፃን ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለደም መመረዝ ይጋለጣል፤ አንድ ስለት ለብዙ ሕፃናት ሲያገለግል ደግሞ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ሊተላለፉ ይችላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃንን ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የሚዳርግን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ነገር ግን በሕግ ማስፈራራት ብቻ ድርጊቱን ወደ ጨለማ ይገፋዋል። የሚሻለው የታመመውን ጉሮሮ በዚያው ቀን አይቶ ማከምና እናቲቱን ከስጋቷ ማሳረፍ ነው።

የኃላፊዎች ተግባር

1ኛ/ ወደ መጠለያ ወይም ወደ ሰፈራ የሚገቡ ሕፃናት ሁሉ የኩፍኝ ክትባት መውሰዳቸው ይረጋገጥ። በ2004 ዓ.ም. በአገሪቱ የተጀመረው የሳንባ ምች ክትባትም ከጆሮ ልክፍት በከፊል ይጠብቃል።

2ኛ/ በምዝገባ ጊዜ «ጆሮው ይመግላል ወይ? ይሰማል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። የማይሰማ ሰው የእህል ዕደላ ጥሪ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

3ኛ/ የሰውና የከብት ውኃ መቅጃ ይለያይ።

4ኛ/ በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ችግሩ ከቆላው ቀበሌ እስከ መኪና መንገድ ያለው ጉዞ ነው። እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ሕመምተኛ እንዲያደርስ አስቀድሞ ቢታዘዝ ያለ ተጨማሪ በጀት ሕይወት ይተርፋል።